የእጅ ሰዓት ማሰሪያ

የእጅ ሰዓት ማሰሪያ የሰዓቱን አካል ከእጅ አንጓ ጋር አያይዞ የሚይዝ ክፍል ነው። ከቆዳ፣ ከጨርቅ፣ ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ ሲሠራ ማሰሪያ ወይም ቀበቶ፣ እርስ በርስ ከተያያዙ የብረት ቁርጥራጮች ሲሠራ ደግሞ ሰንሰለት ይባላል። ቀኑን ሙሉ ገላ የሚነካው፣ ላብ የሚያርፍበትና ሰዓቱ እንዳይወድቅ የሚይዘው ይኸው ክፍል ነው።

ማሰሪያ ሲመረጥ ሦስት ነገሮች ይመዘናሉ፤ እነሱም ምቾት፣ ጥራትና መልክ ናቸው። ሦስቱ ግን በአንድ ጊዜ አይታወቁም። መልክ ሱቅ ውስጥ ወዲያውኑ ይታያል፤ ምቾት አንድ ሙሉ ቀን ከታሰረ በኋላ ይታወቃል፤ ጥራት የሚለየው ግን ከወራትና ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ነው። በመልኩ ብቻ ተመርጦ የተገዛ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ሳይታሰር የሚቀረው፣ አንዳንዴም ተበጥሶ ሰዓቱን የሚያስጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪክ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዶች የኪስ ሰዓት ይይዙ ነበር፤ በእጅ የሚታሰር ሰዓት በአብዛኛው የሴቶች ጌጥ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይህን ልማድ በስፋት የለወጠው አንደኛው የዓለም ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1914–1918) ነው። በምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር ሁለቱም እጆቹ በሥራ ስለሚያዙ ሰዓት ከኪስ ለማውጣት አይመቸውም ነበር። ስለዚህ የኪስ ሰዓት በሚመስሉ ትናንሽ ሰዓቶች ላይ የሽቦ ጆሮ እየተበየደ በቆዳ ማሰሪያ እጅ ላይ ይታሰሩ ጀመር።

ከዚያ በኋላም የማሰሪያውን ቅርጽ ብዙ ጊዜ የወሰነው የሚታሰርበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች የኦሜጋ ስፒድማስተር ሰዓታቸውን ከጠፈር ልብሳቸው በላይ ለማሰር ረጅም የቬልክሮ ማሰሪያ ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ለወታደሮቹ የናይለን ማሰሪያ መስፈርት አወጣ፤ ይህ ማሰሪያ ዛሬ በገበያ «ናቶ» በሚለው ስም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 የጃፓኑ ሴይኮ ለጠላቂዎች በሠራው ሰዓት ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ማሰሪያ አስገባ። ጠላቂ ወደ ጥልቅ ውኃ ሲወርድ የዋና ልብሱ በውኃው ግፊት ስለሚሳሳ ተራ ማሰሪያ ይላላል፤ እጥፋቱ ግን ላይ ሲታሰር ተለጥጦ ታች ሲወርድ ይሰበሰባል።

መልክን ያስቀደሙ ለውጦችም ነበሩ። የስዊዘርላንዱ ሮሌክስ ባለ አምስት ረድፍ «ጁብሊ» ሰንሰለቱን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኦደማር ፒጌ ያወጣው፣ ዠራልድ ዠንታ የነደፈው «ሮያል ኦክ» ሰንሰለቱን ከሰዓቱ አካል ጋር አንድ ወጥ ቅርጽ አድርጎ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ኹብሎ የወርቅ ሰዓትን ከጎማ ማሰሪያ ጋር በማጣመር ጎማ የስፖርት ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለወጠ።

ክፍሎችና ልኬት

በአብዛኞቹ ሰዓቶች ላይ ከላይና ከታች ጥንድ ጥንድ ሆነው የወጡ ጆሮዎች አሉ። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል በውስጡ ሞላ ያለው ቀጭን ፒን ይገባል፤ ማሰሪያው የሚንጠለጠለው በዚህ ፒን ላይ ነው። ሌላኛው የማሰሪያው ጫፍ በዘለበት ወይም በሚታጠፍ መቆለፊያ ይዘጋል።

ማሰሪያ ከመግዛት በፊት በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለው ስፋት በሚሊ ሜትር መለካት አለበት። በስፋት የሚገኙት ልኮች 18፣ 20 እና 22 ሚሊ ሜትር ናቸው። አንድ ሚሊ ሜትር የጠበበ ማሰሪያ ከጎንና ከጎን ክፍተት ይተዋል፤ የሰፋው ደግሞ ሲገባ ተጨማድዶ ጠርዙ ቶሎ ያልቃል።

ፒኑ ከሁሉም ክፍሎች ትንሹና ርካሹ ቢሆንም ሰዓቱ በሙሉ የሚተማመነው በእሱ ነው። የጠላቂ ሰዓቶችን የሚመለከተው አይኤስኦ 6425 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የማሰሪያው መያዣ 200 ኒውተን ጉልበት እንዲቋቋም ይጠይቃል፤ ይህም 20 ኪሎ ግራም ያህል ዕቃ ቢንጠለጠልበት ከሚፈጠረው ጉልበት ጋር ይቀራረባል። የተጣመመ ወይም የዛገ ፒን ግን ውድ ማሰሪያ ላይ ቢሆንም ሰዓቱን ይጥላል።

የማሰሪያ ዓይነቶች

ቆዳ፦ ለገላ ለስላሳ ነው፤ በጊዜ ብዛትም የባለቤቱን የእጅ ቅርጽ ይይዛል። ድካሙ ውኃና ላብ ነው። ላብ የጠጣ ቆዳ ይጠነክራል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። «እውነተኛ ቆዳ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ጥራትን አይገልጽም፤ የላይኛውን ጠንካራ ሽፋን የያዘ ቆዳም፣ ከሥር የተላጠ ደካማ ቆዳም በዚሁ ስም ሊሸጥ ይችላል።

የብረት ሰንሰለት፦ ብዙ ጊዜ የሚሠራው 316ኤል ከተባለ የማይዝግ ብረት ነው። ይህ ብረት ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል እና ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ይዟል። ላብና ውኃ አይጎዳውም፤ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ይሁን እንጂ ይከብዳል፣ በብርድ ይቀዘቅዛል፣ ክፍተት ካለው ደግሞ የእጅ ፀጉር ይነጫል። ታይታኒየም በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 4.5 ግራም ያህል ስለሚመዝን 8 ግራም ያህል ከሚመዝነው ብረት በግልጽ ይቀላል፤ ነገር ግን ፊቱ በልዩ ዘዴ ካልጠነከረ በቀላሉ ይጫራል።

ጎማና ሲሊኮን፦ ውኃ ስለማያስገቡ ለዋና፣ ለስፖርትና ለቆላ ሙቀት ተስማሚ ናቸው። ሲሊኮን ለስላሳ ቢሆንም አቧራና ብናኝ ይሰበስባል፣ በስለት ሲነካም በቀላሉ ይቀደዳል። ከፕላስቲክ ማሰሪያዎች መካከል በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው የካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩ ማሰሪያ ነው፤ ሰዓቱ ከማሰሪያው ጋር 21 ግራም ብቻ ይመዝናል።

ጨርቅ፦ ናይለን ቀላል፣ ርካሽና ታጥቦ ቶሎ የሚደርቅ ነው። «ናቶ» የተባለው ዓይነት በሁለቱም ፒኖች ውስጥ አልፎ በሰዓቱ ሥር የሚዞር ረጅም ጨርቅ በመሆኑ አንዱ ፒን ቢሰበር ሰዓቱ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጨርቁ ከሥር ስለሚገባ ግን ሰዓቱን ከእጅ ላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ጠርዙም ከጊዜ በኋላ ይተረተራል።

ምቾት

ምቾትን በቅድሚያ የሚወስነው ማሰሪያው ከምን ተሠራ የሚለው ሳይሆን በልክ መታሰሩ ነው። በጣም የላላ ሰዓት በእጅ ላይ እየተሽከረከረ አጥንት ይመታል፤ በጣም የጠበቀ ደግሞ ላብ ይዞ ይቀራል፣ ምልክትም ይተዋል። የእጅ አንጓ በሙቀትና በእንቅስቃሴ ጊዜ ትንሽ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረ ማሰሪያ ከሰዓት በኋላ የሚጠበው ለዚህ ነው። በቆዳ ማሰሪያ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ትክክለኛው ልክ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ሊወድቅ ይችላል። ሰንሰለት ደግሞ ቁርጥራጮቹን በማውጣት ያጥራል፤ መቆለፊያው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያሰፋና የሚያጠብ ማስተካከያ ካለው የበለጠ ይመቻል።

ሁለተኛው ጉዳይ የክብደት ሚዛን ነው። ከባድ ሰዓት በቀጭን ጨርቅ ላይ ሲታሰር ወደ አንድ ወገን ይጋደላል፤ ከባድ ሰንሰለት ያለው ሰዓት ክብደቱ ቢጨምርም ዙሪያውን ስለሚከፋፈል አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ይቀመጣል።

በስማርት ሰዓት ላይ ልክ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልብ ምት የሚለካው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ገላ ልኮ ከደም ፍሰቱ ጋር እየተለዋወጠ የሚመለሰውን ብርሃን በማንበብ ነው። ማሰሪያው ከላላ ከውጭ የሚገባው ብርሃንና የሰዓቱ መንቀጥቀጥ ልኬቱን ያዛባሉ። ስለዚህ በስፖርት ጊዜ ጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ላላ የሚል ማሰሪያ ይመረጣል።

ጥራት

የጥራት ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ከፊት በማይታየው በኩል ነው። የቆዳ ማሰሪያ ሲገለበጥ ገበሩ፣ ስፌቱና ጠርዙ ይታያሉ። ስፌቱ ወጥ ያልሆነ፣ ጠርዙ የተላጠ ወይም ሲታጠፍ ሽፋኑ የሚሰነጠቅ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው።

በሰንሰለት ላይ ዋናው ልዩነት ቁርጥራጮቹ ድፍን ወይም ባዶ መሆናቸው ነው። ከስስ ብረት ተጠቅልለው የተሠሩ ቁርጥራጮች ቀላልና ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ይንኳኳሉ፣ ከዓመታት በኋላም መገጣጠሚያዎቹ ተበልተው ሰንሰለቱ ይረዝማል። ይህን ለማወቅ ሰንሰለቱን በጎኑ ይዞ ማየት በቂ ነው፤ ያረጀው በክብደቱ ወደ ታች ይጎብጣል። መቆለፊያው ብዙ ጊዜ ተከፍቶና ተዘግቶ መሞከር ይገባዋል፤ በትንሽ ጉተታ የሚከፈት መቆለፊያ መልኩ ምንም ቢያምር አያስተማምንም።

መልክ

መልክ እንደ አገሩ ልማድና እንደ ዘመኑ ይለያያል። በብዙ ቦታ ቀጭን ጥቁር የቆዳ ማሰሪያ ከሙሉ ልብስ ጋር፣ ጎማና ናይለን ከስፖርትና ከዕለት ልብስ ጋር ይሄዳሉ ተብሎ ይታሰባል። አንድን ሰዓት በሌላ ማሰሪያ መቀየር አዲስ ሰዓት ከመግዛት በእጅጉ ይረክሳል።

መልክ ግን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ሰንሰለቱ ከአካሉ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ በተሠራ ሰዓት ላይ ከገበያ የተገኘ ማንኛውም ማሰሪያ አይገጥምም፤ ሲበላሽ ከአምራቹ ማስመጣት ግድ ይሆናል። የአዞ ቆዳ የሚመስሉ ብዙ ማሰሪያዎች የአዞ ቅርጽ የታተመባቸው የከብት ቆዳዎች ናቸው። የእውነተኛ አዞ ቆዳ ንግድ ደግሞ ሳይትስ በተባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ስለሚደረግበት ድንበር ሲያልፍ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል።

የገላ ጤናና ደኅንነት

ከማሰሪያ ሥር የሚወጣ ሽፍታ ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉት። አንደኛው ከሥር የተያዘ ላብ፣ ሳሙናና ቆሻሻ ነው፤ ይህ ማሰሪያውን በማጠብና በማላላት ይሻላል። ሁለተኛው አለርጂ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከኒኬል ነው፤ በክሮም የለፋ ቆዳና በጎማ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችም ሊያስነሡት ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ገላን ለረጅም ጊዜ ከሚነኩ ዕቃዎች፣ የሰዓት ማሰሪያን ጨምሮ፣ የሚወጣው ኒኬል በሳምንት በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ርካሽ የብረት ማሰሪያ ላይ ቅቡ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ኒኬል ገላን ሊነካ ይችላል። ኒኬል የማይስማማው ሰው ታይታኒየም ወይም ጨርቅ ቢመርጥ ይሻለዋል። ማሰሪያው ተቀይሮም ሽፍታው ካልጠፋ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በኤሌክትሪክ ወይም በመኪና ባትሪ ላይ የሚሠራ ሰው የብረት ሰንሰለት ማውለቅ አለበት፤ ብረቱ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ካገናኘ በቅጽበት ግሎ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ መመሪያ መሠረት ሐኪሞችና ነርሶች በሽተኛ ሲያክሙ ከክርናቸው በታች የእጅ ሰዓት አያስሩም፤ ምክንያቱም ማሰሪያ እጅን በደንብ ለመታጠብ እንቅፋት ይሆናል። ብዙ ነርሶች በምትኩ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ሰዓት ይጠቀማሉ።

አመራረጥ

አንድ ማሰሪያ ሦስቱንም መመዘኛዎች እኩል አያሟላም። ምርጫውን የሚያቀለው «የትኛው ያምራል?» ከማለት በፊት «ቀኑ በምን ሥራ ያልፋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለሚያልበው፣ ለሚዋኝ ወይም እጁን ደጋግሞ ለሚታጠብ ሰው ጎማ፣ ናይለን ወይም ብረት ከቆዳ ይበልጣል። ቢሮ ለሚውል ሰው ቆዳ ሊመች ይችላል። በጀት ሲያንስ ድፍን ያልሆነ ርካሽ ሰንሰለት ከመግዛት በተመሳሳይ ዋጋ ጥሩ ጎማ ወይም ናይለን መግዛት የተሻለ ጥራት ያስገኛል። በመልክ መምረጥ የሚገባው ልክና ጥንካሬ ከተረጋገጡ በኋላ፣ ከቀሩት ማሰሪያዎች መካከል ነው።

አያያዝ

ብረት፣ ጎማና ሲሊኮን ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባሉ፤ ሰዓቱ ውኃ የማይቋቋም ከሆነ ግን ማሰሪያው አስቀድሞ መፈታት አለበት። ቆዳ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከረጠበ በጥላ ሥር እንጂ በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር አይደርቅም። የቆዳ ማሰሪያን አንድ ቀን አስሮ አንድ ቀን ማሳረፍ የጠጣው ላብ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጠዋል። ማሰሪያ በተቀየረ ቁጥር ፒኖቹን መመልከትና የተጣመመውን ወይም የዛገውን በአዲስ መተካት ይገባል፤ አዲሱ ማሰሪያ ከገባ በኋላም ሁለቱም ፒኖች በቀዳዳቸው መግባታቸውን ቀስ ብሎ በመጎተት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።