አቧራውን ማን ያስቀረዋል? ለአሮጌ ፒክአፕ የአየር ፊልትሮ አመራረጥ

አንድ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 2,400 ዙር ሲሠራ በየደቂቃው ወደ 3,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል። ከመገናኛ ተነስቶ በሲኤምሲ በኩል አያት የሚደርስ፣ ከዚያም ወደ ቦሌ አራብሳ የሚዘልቅ ፒክአፕ አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ዙር ቢሠራ ወደ 180 ሜትር ኩብ አየር በሞተሩ ውስጥ ያልፋል። በዚያ አየር ውስጥ ያለው አቧራ ሲሊንደር እንዳይገባ የሚያግደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮፈኑ ሥር፣ በፕላስቲክ ወይም በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የታጠፈ ወረቀት።

ስለ ዘይት የሚጨነቅ ባለመኪና ብዙ ነው። የዘይቱን ስም፣ ቁጥሩንና የተቀየረበትን ቀን በቃሉ ይይዛል። የአየር ፊልትሮውን ግን መካኒኩ «ይሄ ይሠራል» ብሎ ያመጣለትን ይቀበላል። በከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል ግን ነገሩ ቢገለበጥ ይሻላል። ጥሩ ዘይት በመጥፎ ፊልትሮ ሥር ከሚሠራ፣ መካከለኛ ዘይት በጥሩ ፊልትሮ ሥር ቢሠራ ሞተሩ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን እንይ።

በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ከእሱ ጋር ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ፣ ላለፉት ዓመታት ግንባታ ያልተለያቸው ሰፈሮች ናቸው። መሬቱ ባብዛኛው መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ጎማ ይይዛል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይደርቅና ዱቄት ይሆናል። በላዩ ላይ ገረጋንቲ ይደለደላል፣ የተፈጨ ጥቁር ድንጋይና ቀይ አሸዋ በሲኖትራክ ይመላለሳል፣ ሲሚንቶ ይራገፋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት አንድ ፒክአፕ ከገልባጭ መኪና ኋላ ተሰልፎ የሚስበው አየር ይህን ሁሉ የያዘ ነው። የድንጋይ ዱቄት ከአሉሚኒየም ፒስተን እጅግ ይጠነክራል። ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ፒስተኑ በወጣና በወረደ ቁጥር የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሞተርን በዋናነት የሚጎዳው በዓይን የሚታየው ትልቁ የአሸዋ ቅንጣት አይደለም፤ እሱን ማንኛውም ፊልትሮ ያስቀረዋል። አደገኛው ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚለካው ደቃቅ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ስለሚጠጋ፣ የምንፈራው ቅንጣት ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። የዘይቱ ንጣፍ በፒስተን ፋሻና በሲሊንደር መካከል የሚኖረው ውፍረትም በዚሁ ልክ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ በንጣፉ መካከል ገብቶ ሁለቱንም ብረት ይነካል። ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ጠዋት ሞተሩ ለመነሳት ያንገራግራል፣ የዘይት ክዳኑ ሲከፈት ጭስ ይወጣል፣ ዘይት ይጎድላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሞተር ማውረድና ማደስ ነው።

ይህ ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ያሳስበኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ተወደደ። በእጅዎ ያለው ባለ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ሃይሉክስ፣ አሮጌው አይሱዙ ወይም ሚትሱቢሺ ኤል 200 በቀላሉ የሚተካ አይደለም። የቀረውን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች ርካሹ ፊልትሮው ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታም ለዚህ ጉዳይ የራሱ ድርሻ አለው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ስለዚህ ከመነሻውም አየር ያጥረዋል። ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን ይህ እጥረት ይብሳል፤ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና ፒክአፑ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሹፌሩ ኢንጄክተር ያስፈትሻል፣ ፓምፕ ያስተካክላል፤ ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ መታየት የነበረበት ፊልትሮው ነበር። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ የቤንዚን ፒክአፖችም ከዚህ አያመልጡም። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የተደፈነ ፊልትሮ ኮምፒውተር የሚቆጣጠረውን የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ብዙም እንደማያስጨምረው፣ ጉልበቱን ግን እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ግን ፊልትሮውን መቀየር የነዳጅ ፍጆታን ከመቶ ከ2 እስከ 6 ያህል ሊያሻሽል ይችላል።

ይህን የአየር እጥረት ምክንያት አድርገው «አየር በደንብ የሚያሳልፍ» እየተባለ የሚሸጠውን፣ በዘይት የራሰ የጥጥ ፊልትሮ የሚገዙ አሉ። ታጥቦ ተመልሶ መግባቱም ይማርካል። እኔ ለዚህ አካባቢ አልመርጠውም። የአየር ፊልትሮዎች አይኤስኦ 5011 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይፈተናሉ፤ የተመጠነ አቧራ ይለቀቅባቸውና ምን ያህሉን እንዳስቀሩ ይመዘናል። በደንብ የተሠራ የወረቀት ፊልትሮ ከመቶ ከ99 በላይ ያስቀራል። በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ዝቅ የሚል ፊልትሮ ብዙም የማይለይ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚታየው ያስቀረው ሳይሆን ያሳለፈው ነው። አንዱ 99.5፣ ሌላው 97 ቢያስቀር፣ ከ100 ግራም አቧራ የመጀመሪያው ግማሽ ግራም ሲያሳልፍ ሁለተኛው 3 ግራም ያሳልፋል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። የጥጡ ፊልትሮ ደግሞ ሲታጠብ ዘይቱ በእኩል ካልተዳረሰ የባሰ ያሳልፋል። ለውድድር መኪና ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ አሸዋ ለሚያመላልስ ፒክአፕ አይሆንም።

በቆዩ መኪኖች ላይ የሚገኘው ዘይት ያለበት የቆርቆሮ ማጣሪያም አለ። ወረቀት አይፈልግም፤ አየሩ በዘይት ላይ ሲያልፍ አቧራው ይያዛል። ጠንካራና ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ቢሆንም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የማጣራት አቅሙ ይወድቃል፤ በመገናኛ ሰልፍ ውስጥ ደግሞ ሞተሩ ባብዛኛው በዝግታ ነው የሚዞረው። መኪናዎ ከዚህ ጋር ከመጣና የወረቀት ፊልትሮ ቤት ሊገጠምለት ከቻለ ቢቀይሩት ይሻላል።

እንግዲህ ምርጫው ወረቀት ከሆነ፣ ገበያው ውስጥ እንዴት ይለያል? አብዛኛው ሰው የሚሄደው ሶማሌ ተራ ነው፤ ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥም የመለዋወጫ ሱቅ አይጠፋም። አሮጌውን ፊልትሮ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን አይበቃም። ከዚህ በፊት የገባው ራሱ የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። አሮጌ ፒክአፕ ብዙ ባለቤትና ብዙ ጋራዥ አይቷል፤ አንዳንዱም የሌላ ሞተር ተገጥሞለታል። ስለዚህ ሊብሬውን ይያዙ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፏል። ሊብሬው ላይ ያለው ሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር መመሳሰሉንም ያረጋግጡ። በቶዮታ መኪኖች የአየር ፊልትሮ የዕቃ ቁጥር በ17801 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ነው ሞዴሉን የሚለየው። ከታወቀ ሌላ አምራች ሲገዙም ሻጩ በማውጫው ላይ ከዚህ ቁጥር ጋር አመሳክሮ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ልኩ ነው። ክቡ ፊልትሮ ከሆነ የውጭውን ስፋት፣ የውስጡን ቀዳዳና ቁመቱን በሜትር ይለኩ። በቁመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያነሰ ፊልትሮ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑም ይዘጋል፣ ማንም አያውቅም፤ ጎማው ግን ከቆርቆሮው ጋር አይጣበቅም። አየር ደግሞ ሁልጊዜ የሚሄደው በቀለለው መንገድ ነው፤ በወረቀቱ ከማለፍ ይልቅ በክፍተቱ ይገባል። በዓለም ምርጥ የሆነ ወረቀት በአንድ ጠርዝ ክፍት ከሆነ ጥቅሙ ይጠፋል። እኔ ከወረቀቱ በፊት ጎማውን የምመለከተው ለዚህ ነው። በጣት ሲጫኑት ገብቶ ወዲያው መመለስ አለበት፤ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም ዙሪያው ላይ ጎርበጥ ያለና የተቆራረጠ ከሆነ ይተዉት። ቀጥሎ እጥፋቶቹን ይዩ፤ ርቀታቸው እኩል መሆን አለበት። ርካሽ አምራች ገንዘብ የሚቆጥበው የእጥፋቱን ቁጥር በመቀነስ ነው፤ የወረቀቱ ስፋት ሲያንስ ቶሎ ይደፈናል። በመጨረሻ የስልክዎን መብራት ውስጥ አስገብተው ከውጭ ይመልከቱ። ብርሃኑ በእኩል ከደበዘዘ ደህና ነው፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያበራ ነጥብ ከታየ ይመልሱት። ካርቶኑ ላይ የታተመው ስም ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ማስረጃ ነው፤ ካርቶን ማተም ፊልትሮ ከመሥራት ይቀላልና።

አሁን ስለ ኮምፕሬሰር። ላቫጆ ሲገቡ ወይም ዘይት ሲቀይሩ ልጁ ፊልትሮውን አውጥቶ በአየር ይነፋዋል፤ አቧራው ሲበን ሥራ የተሠራ ይመስላል። ይህ ልማድ እንዲቀር ከልቤ እመኛለሁ። ከቅርብ የሚለቀቅ ኃይለኛ አየር ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይቀደዋል፣ ከጎማው ጋር የተያያዘበትንም ያላቅቃል። መሬት ወይም ጎማ ላይ መምታቱ ደግሞ ጠርዙን ያጣምማል። በተጨማሪም አዲስ ወረቀት ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ደቃቅ አቧራ የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በላዩ ላይ ቀጭን የአቧራ ንጣፍ ሲቀመጥ ማጣራቱ ይሻሻላል። በየሳምንቱ የሚነፋ ሰው ያንን ንጣፍ እያነሳ፣ ክዳኑን በከፈተ ቁጥርም ጥቂት አቧራ ወደ ንጹሁ ጎን እየጣለ ነው። ግድ ከሆነ ግፊቱ ከ2 ባር እንዳይበልጥ፣ አፉ ከወረቀቱ እንዲርቅና ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲነፋ ያድርጉ፤ ከዚያም በመብራት ይፈትሹት። ውሃ ጨርሶ አይንካው።

ጥሩ ፊልትሮ ገዝቶ የጎማ ቱቦውን የሚረሳ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ጣለው። ከፊልትሮው ቤት ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ በአሮጌ መኪና ላይ እጥፋቱ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ እጥፋቱን በእጅ ሳይከፍቱት አይታይም። ከፊልትሮው በኋላ የተሰነጠቀ ቱቦ ፊልትሮ እንደሌለው ይቆጠራል። ማሰሪያዎቹ መጥበቃቸውን፣ የክዳኑ መቆለፊያዎች ሁሉ መኖራቸውን፣ በክብ ቤት ሥር ያለችው የአቧራ ማራገፊያ ጎማም አለመቀደዷን ይዩ።

ስለ መቀየሪያው ጊዜ ብዙ የምለው የለም። በመኪናው መመሪያ ላይ ያለው ረጅሙ የኪሎ ሜትር ልክ ለአስፋልት ነው፤ ለአቧራማ መንገድ አጭሩን ይውሰዱ። በአያትና በአራብሳ ጥርጊያ መንገድ የሚመላለስ ፒክአፕ በየዘይት ቅያሪው ፊልትሮው ይታይለት፣ በበጋው ማብቂያ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ይቀየርለት። በአቧራ የተሞላ ወረቀት የሰኔን እርጥበት ሲጠጣ አቧራው ይጋገርና አየር አያሳልፍም።

በሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ መካኒኩ ፊልትሮውን ሲያወጣ አጠገቡ ይቁሙ። ነጭ ጨርቅ በጣትዎ ጠቅልለው ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን ይጥረጉ። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ፣ ክፍተቱ ተገኝቶ እስኪዘጋ ድረስ መኪናውን ወደ ሥራ አይመልሱት።