ከበሮ መቺ ዜማ ሲያገኝ

የከበሮና የድራም ተማሪዎች የሆንን ሁሉ አንድ የለመድነው ነገር አለ። መድረክ ላይ ቦታችን ከኋላ ነው። ድምፃዊው ፊት፣ ጊታሩና ሳክስፎኑ ግራና ቀኝ፣ እኛ ደግሞ ከሁሉም ጀርባ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ሰው እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ የሚሄደው ዜማውን እንጂ የእኛን ምት አይደለም። በዚህ ቅር አይለኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ባለፈው ሴሚስተር ዋና መሣሪያዬን ከድራም ወደ ፒያኖ ለመቀየር ማመልከቻ እስከ መጻፍ ደርሼ ነበር። እናቴም ብትሆን "ልጄ ሙዚቃ ይማራል" ስትል ደስ ይላታል፤ "ምን ይጫወታል?" ብለው ሲጠይቋት ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

ማመልከቻው እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ያላስገባሁበት ምክንያት አንድ ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ክፍላችን ድረስ ይዞት የመጣ መሣሪያ ነው። ሃንድፓን ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መሣሪያው፣ በተለይም ከድራም ተነስቶ በዚሁ መሣሪያ እንጀራውን ስላገኘው ኦስትሪያዊ ማኑ ዴላጎ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ሳዳምጥ ከረምኩ። በዚህ ጽሑፍ አንድ የምት ተጫዋች እንዴት ወደ ዜማ ሊሻገር እንደቻለ በተረዳሁት መጠን ላስረዳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ መሣሪያው ምንድነው? ሲያዩት ኤሊ ይመስላል። ሁለት የብረት ጎድጓዳ ሳህኖች አፍ ለአፍ ተገጥመው ጠርዛቸው ላይ ተጣብቀዋል። ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ ጭኑ ላይ ያስቀምጠውና በጣቶቹ ይጫወተዋል። ከላይ በኩል መሀሉ ላይ ጉብ ያለ ቦታ አለ፤ ዝቅተኛው ኖታ እሱ ነው። በዙሪያው ሰባት ወይም ስምንት መሀላቸው ስርጉድ ያለ ቦታዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ኖታ ይሰጣል። ከታች በኩል ደግሞ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። የጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ስንል "ቡ" የሚል ድምፅ እንደምንሰማው ሁሉ፣ በዚህ ቀዳዳ ምክንያት ውስጡ ያለው አየር የራሱ ወፍራም ድምፅ አለው። ተጫዋቹ ጉልበቱን ገጠም ከፈት በማድረግ ይህን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ዋናው ምስጢር ግን ያለው ቅኝቱ ላይ ነው። ሠሪው ላሜራውን በመዶሻ እየቀጠቀጠ አንዱን ቦታ ሲቃኝ የሚያስተካክለው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። ዋናው ኖታ፣ የሱ ኦክታቭ፣ ከኦክታቩ በላይ ያለው አምስተኛው ኖታ፣ ሦስቱም በአንዲት መዳፍ በማትሞላ ቦታ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በሚል የንዝረት ልክ አብረው እንዲሰሙ ይደረጋል። ተራ የድራም ቆዳ ይህ የለውም። ንዝረቶቹ እንዲህ ባለ ቀጥተኛ ቁጥር ስለማይያያዙ ጆሯችን "ድም" ሲል ይሰማል እንጂ "ዶ ነው፣ ሬ ነው" ለማለት ይቸገራል። (ቲምፓኒ የምታጠኑ ጓደኞቼ እንዳትቆጡኝ፤ የእናንተ ሌላ ነው።) ስለዚህ ሃንድፓን እንደ ከበሮ ይመታል፤ የሚሰጠው ግን ኖታ ነው።

የመሣሪያው አመጣጥ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከትሪኒዳድ ነው፤ እዚያ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ሰዎች የነዳጅ በርሜል ቀጥቅጠው ስቲልፓን የሚባለውን መሣሪያ ፈጠሩ። ፌሊክስ ሮነር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው በርን ከተማ ውስጥ ከ1976 ጀምሮ ስቲልፓን ይሠራ ነበር። በ1999 ሬቶ ቬበር የሚባል የምት ተጫዋች ወደ ወርክሾፑ መጣ። ቬበር ጋታም የሚባለውን የደቡብ ሕንድ የሸክላ እንስራ በእጁ ይጫወት ነበርና፣ እንደዚህ በእጅ የሚመታ ነገር ግን ኖታ ያለው የብረት እንስራ ቢኖር አለ። በ2000 ሮነርና ሳቢና ሼረር ያንን ሠሩት። በ2001 ፍራንክፈርት በተካሄደው የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ ለሕዝብ አቀረቡት። ስሙንም "ሃንግ" አሉት፤ በበርን ሰዎች ጀርመንኛ እጅ ማለት ነው። "ሃንድፓን" የሚለው ስም በኋላ በ2007 አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ መሣሪያ መሥራት የጀመሩ ሰዎች ያወጡት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህ መሣሪያ የተወለደው ከአንድ የምት ተጫዋች ቅሬታ ነው። እኔ ማመልከቻ የጻፍኩበት ቅሬታ እኮ ነው!

ማኑ ዴላጎ በ1984 ኦስትሪያ ውስጥ ኢንስብሩክ ተወለደ። ያደገው ከድራም ጋር ነው። በከተማው ክላሲካል የምት መሣሪያዎችን አጠና፤ ከዚያ ለንደን ሄዶ የጃዝ ድራም፣ ቀጥሎም ድርሰት ተማረ። ሃንግ እጁ የገባው ገና ወጣት ሳለ መሣሪያው በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በወቅቱ ለዚህ መሣሪያ አስተማሪ አልነበረም። የመለማመጃ መጽሐፍ አልነበረም። የተጻፈ ሥራ የሚባል ነገርም አልነበረም። ታዲያ በምን ተማረ?

እኔ እንደገባኝ በድራም እውቀቱ ነው። ይህን ላስረዳ፤ ነገሩ መሣሪያው ላይ ካለው የኖታ አደራደር ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራውንና የዲ ማይነር ኖታዎች ያሉትን ዓይነት እንውሰድ። መሀሉ ዲ ነው። በዙሪያው ያሉት ከታች ወደ ላይ ኤ፣ ቢ-ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። ነገር ግን እንደ ፒያኖ በአንድ መስመር አልተቀመጡም። አንዱ በቀኝ፣ ቀጣዩ በግራ፣ እንደገና በቀኝ እያሉ በዚግዛግ ይወጣሉ። (አንዳንድ ሠሪ ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል፤ ሐሳቡ ያው ነው።) ስለዚህ የድራም ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረውን ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እየመታ ከታች ወደ ላይ ቢሄድ ሳያውቀው እስኬሉን ተጫወተ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ አለ። ቀኝ እጅ ብቻውን ያሉትን ቦታዎች ቁጠሩ፤ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ጂ። ይህ የኤ ማይነር ሰባተኛ ኮርድ ነው። የግራ እጅ ደግሞ ቢ-ፍላት፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ። ይህም ራሱን የቻለ ሌላ ኮርድ ነው። በሁለቱ እጆች ላይ ሁለት ኮርድ ተኝቷል ማለት ነው! አሁን ደግሞ ሁላችንም የሰለቸንን ፓራዲድል አስቡ፤ ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ። ቀኝን ኤ ላይ፣ ግራን ዲ ላይ አድርጋችሁ ብትጫወቱት ኤ ዲ ኤ ኤ፣ ዲ ኤ ዲ ዲ ይሆናል። የእጆቹን ቅደም ተከተል ሳትነኩ ቀኙን ወደ ሲ፣ ከዚያም ወደ ኢ ብታሻግሩት የሚቀጥለው ሐረግ መጣ። በላስቲክ ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓመት የቀጠቀጥነው መልመጃ ውስጥ ዜማ ተደብቆ ነበር።

ይሁን እንጂ ድራመር በመሆን የሚከብድም ነገር አለ። ይህን የማወራው ከራሴ ነው። እንግዳው ለእያንዳንዳችን አምስት አምስት ደቂቃ ሲሰጠን እኔ ተሽቀዳድሜ ቁጭ አልኩና እንደ ለመድኩት መታሁት። የወጣው ድምፅ ባዶ የበርበሬ ጣሳ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እንግዳው እጄን ያዝ አድርጎ "የጋለ ምጣድ ነክተህ እንደምትሸሽ አድርግ" በሚመስል ምልክት አሳየኝ። ብረቱ ላይ ጣት ከቆየ ንዝረቱ ይታፈናል፤ በኃይል ከተመታ ደግሞ እነዚያ ሦስት የተስማሙ ድምፆች ይበታተናሉ፤ ሲደጋገም ቅኝቱ ራሱ ይበላሻል። የበርን ሠሪዎቹም "ሃንግ ድራም" የሚለውን አጠራር አጥብቀው ተቃውመዋል፤ መሣሪያው ከበሮ አይደለም ባይ ናቸው። እኔ ያንን ጣሳ ካሰማሁ በኋላ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለተኛውን ደቂቃ በጣቴ ጫፍ ብቻ ዳሰስ አደረግሁት። የወጣው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልተናገረም።

ሌላው ጉዳይ የኖታው ማነስ ነው። ዘጠኝ ኖታ፣ ያውም የማይቀየር። እዚህ ላይ የእኛ አገር ተማሪ ከአውሮፓዊው በተሻለ የሚረዳው ይመስለኛል። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሄድ ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። የዋሽንት ተጫዋች ግን ዋሽንቱን መቃኘት ስለማይችል የተለያዩ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። ሃንድፓን በዚህ ረገድ ዋሽንት ነው። ዴላጎ መድረክ ላይ የተለያየ ቅኝት ያላቸውን በርከት አድርጎ ከፊቱና ከጎኑ የሚደረድረው ለዚሁ ነው።

ለሙከራ ያህል ከላይ የጠቀስኩትን መሣሪያ በእኛ ቅኝት መረመርኩት። ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ-ፍላትን ብቻ ብንወስድ ትዝታ ማይነር ቁጭ ብሏል። እነዚያኑ አምስት ኖታዎች ከኤ ብንጀምራቸው ኤ፣ ቢ-ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ አምባሰል ሆነ። ከኤፍ ጀምረን ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ-ፍላት፣ ሲ፣ ኢ ብንል ባቲን እናገኛለን። አንቺሆዬ ግን እንቢ አለችኝ። ከኤ ብንነሳ ኢ-ፍላትና ኤፍ-ሻርፕ ያስፈልጋሉ፤ በዚያ ብረት ላይ ደግሞ የሉም። አንቺሆዬ የምትፈልግ ራሷን የቻለች መሣሪያ ታሠራ።

ወደ ዴላጎ ልመለስ። በ2007 "ሞኖ ዲዛየር" የተሰኘውን ድርሰቱን በአንድ ሃንግ ብቻ ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አየው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው፤ "በአንድ ቪዲዮ ታወቀ" ይባላል። እኔ ግን ይህ አባባል አይዋጥልኝም። ቪዲዮው በሩን ከፍቶለት ይሆናል፤ በሩን አልፎ የገባው ግን ሌላ ነገር ይዞ ነው። የአይስላንዷ ዘፋኝ ብዮርክ በ2011 ለጀመረችው "ባዮፊሊያ" ለተባለ ዝግጅቷ ስትወስደው ሃንግ ብቻ ሳይሆን ድራምም ይጫወት ነበር። ከሲታር ተጫዋቿ አኑሽካ ሻንካር ጋር በ2013 እና በ2016 በወጡት አልበሞቿ አብሮ ሠርቷል፤ የሕንድን የምት ስሌት መከተል የማይችል ሰው እዚያ አጠገብ መቀመጥ አይችልም። ለመሣሪያው የተጻፈ ሥራ ስላልነበረ ደግሞ ራሱ ለሃንግና ለኦርኬስትራ ጻፈ። ድርሰት መማሩ እዚህ ላይ ነው የጠቀመው። በ2018 "ፓራሶል ፒክ" በሚለው ፊልም ከጓደኞቹ ጋር መሣሪያ ተሸክሞ የአልፕስ ተራራ እየወጣ ተጫወተ። በ2021 ደግሞ መሣሪያዎቹን በብስክሌት ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። ይህን ሳነብ ኪቦርድ ወደ አራተኛ ፎቅ አውጡ ስንባል የምናጉረመርመው ትዝ አለኝና ሳቅሁ።

በሌላ በኩል ግን ነገሩን አላሳምረውም። ዴላጎ ሲጀምር ሃንግ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። የበርን ሠሪዎች በኋላ ላይ መሣሪያውን ለሱቅ መስጠት ትተው፣ ፈላጊው ደብዳቤ ጽፎ በአካል እንዲመጣ ያደርጉ ነበር። በ2013 ሃንግ መሥራቱን ጨርሰው አቆሙ። ዛሬ በብዙ አገር ብዙ ሠሪ አለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሶ በ2024 የበርን የንግድ ፍርድ ቤት ሃንግ በቅጂ መብት የሚጠበቅ ሥራ ነው ብሎ ወስኗል። በአውሮፓ ከተሞች አደባባይ ላይ ሃንድፓን ይዞ የሚቀመጥ ሞልቷል። ስለዚህ "መሣሪያው ያስደንቃል" ብሎ መኖር አይቻልም፤ ደንቆ አልቋል። በዚያ ላይ ደህና የተባለው ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

እኔም ሃንድፓን የለኝም፤ በቅርቡም የሚኖረኝ አይመስለኝም። ለጊዜው የማደርገው የዶርሜ ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ክቦች በቾክ ሥዬ፣ በየክቡ የኖታውን ስም ጽፌ፣ ፓራዲድሉን እየመታሁ ኖታውን በአፌ መዝፈን ነው። ትዝታ ማይነር በዝግታ ይወጣልኛል። አምባሰል ላይ ግራ እጄ አሁንም ይቀድማል። የዶርም ጓደኛዬ ለፈተና ሲያጠና ክቦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ አጠፋቸው፤ ማታ መልሼ ሣልኳቸው።