ጥርስ ማጣት የእርጅና ዕጣ ነውን?



ሉማሜ ላይ የምናውቃቸው አንድ አዛውንት ሼህ ለብዙ ዓመታት ልጆችን ቁርኣን ሲያቀሩ ኖረዋል። ጥርሳቸው አንድ በአንድ ወልቆ ሲያልቅ ግን ማቅራቱን ተዉት። ብንጠይቃቸው «ሐርፉ ከአፌ አይወጣም፤ ልጆቹን አሳስታለሁ» አሉን። እውነታቸውን ነው። «ፋእ» የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ፣ «ሣእ» ደግሞ የምላስ ጫፍ የፊት ጥርስን ሲነካ የሚወጡ ናቸው። ቆይተውም በሰው ፊት መብላት አፍረው ከማዕድ ራቁ። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ዝም አለ።

ሐኪሞች ይህን «ኢደንቹሊዝም» ይሉታል፤ ጥርስ አልባ መሆን ማለት ነው። ከአዋቂ ሰው 32 ጥርሶች ጥቂቱ ሲጎድል ከፊል፣ አንድም ሳይቀር ሲያልቅ ሙሉ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ ባወጣው ሪፖርት፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ ጥርሳቸውን በሙሉ እንዳጡ ገምቷል። እንግዲህ ከአራት አዛውንቶች ሦስቱ ያህል የቀረ ጥርስ አላቸው ማለት ነው። ዕድሜ ብቻውን ጥርስ አይጨርስም።

ታዲያ የሚጨርሰው ምንድን ነው? አንደኛው የጥርስ መበስበስ ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ስኳርን ወደ አሲድ ለውጠው ጥርስን ይቦረቡራሉ። ሁለተኛው የድድ በሽታ ነው። በጥርስ ሥር የተጋገረ ቆሻሻ ድድን ያደማል፤ ውሎ አድሮም ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። ትምባሆና የስኳር በሽታ ያባብሱታል። ስለዚህ ድድ ሲደማ ዝም አይባልም።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በየሶላቱ ሲዋክን ግዴታ ከማድረግ የተቆጠቡት በኡመታቸው ላይ እንዳይከብድ ብለው እንደሆነ ተላልፏል። በመፋቂያችን ላይ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና እንጨምር፤ በተለይ ከመኝታ በፊት።

ጥርሱ ላለቀበትስ? በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው የተቆረጠው ዐርፈጀህ ቢን አስዐድ (ረ.ዐ) ከብር አሠርተው ሸተተባቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ዑለማዎች ለችግር ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከል እንደሚፈቀድ ከዚህ ይረዳሉ። ተነቃይ ከሆነ ማታ አውልቆ ማጽዳትና ንጹሕ ውኃ ውስጥ ማሳደር ይገባል።

ሼሁን «አላህ ከአቅም በላይ አይጠይቅም፤ በሚችሉት ይቅሩ» አልናቸው። ልጆቻቸውን ደግሞ «ደብረ ማርቆስ ወስዳችሁ ለጥርስ ሐኪም አሳዩዋቸው» አልናቸው። እናንተም ዛሬ ከማዕድ የራቀ አባት ወይም እናት በቤታችሁ እንዳለ ተመልከቱ። እስኪታከሙ ምግባቸውን አለስልሱላቸው፤ አብራችሁም ብሉ።

ወላሁ አዕለም።