የነጃሺ ችሎት በፊልም እና በመጽሐፍ

አር-ሪስ፣ ጂዛን፦ ከአር-ሪስ ተራሮች ወርዶ በጂዛን ጠረፍ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢመልስ፣ ከፈረሳን ደሴቶች ባሻገር ያለው ጥንታዊው የሀበሻ ምድር ነው። ሁለቱን ምድሮች የሚለያቸው ቀይ ባሕር በእስልምና ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ያገኘው በመጀመሪያው ሂጅራ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ በመካ ግፍ የበዛባቸው ሙስሊሞች፣ ማንም ሰው የማይበደልበት ፍትሐዊ ንጉሥ ወዳለበት አገር እንዲሄዱ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተመክረው ባሕሩን ተሻገሩ። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚሉት መርከብ የተሳፈሩት በጅዳ አቅራቢያ ከምትገኘው ከሹዐይባ ወደብ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙዎች በመጀመሪያ የሰሙት ከአባቶቻቸው ወይም ከመድረሳ ኡስታዞቻቸው ነው። በዓይናቸው ያዩት ግን በአንድ ፊልም አማካይነት ነው። በዐረብኛ «አር-ሪሳላ»፣ ማለትም «መልእክቱ» በመባል የሚታወቀው የሙስጠፋ አል-ዐቃድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ በተለይ በረመዳንና በበዓላት ሰሞን በዐረብ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲታይ ኖሯል። የቆዩ ፊልሞችን ለሚወድ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም ይህ ሥራ የተለየ ትርጉም አለው። በሆሊውድ ጥበብ ከተሠሩት ታላላቅ የታሪክ ፊልሞች መካከል የሀበሻን ንጉሥ በፍትሕ ዙፋን ላይ አስቀምጦ ያሳየ ሌላ ፊልም ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነውና።

ከሐለብ እስከ ሆሊውድ

አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1930 በሶርያ፣ በሐለብ ከተማ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1954 የፊልም ጥበብ ለመማር ወደ አሜሪካ ሲጓዝ አባቱ የሰጡት ስንቅ ሁለት መቶ ዶላርና አንድ ቁርኣን እንደነበረ ራሱ ተርኳል። በሎስ አንጀለስ ትምህርቱን አጠናቅቆ በሙያው ከቆየ በኋላ፣ የእስልምናን አነሣስ ለምዕራቡ ዓለም ሕዝብ በሚገባው የፊልም ቋንቋ ለመንገር ተነሣ።

ለሥራው የመረጣቸው ባለሙያዎች ከታላላቆቹ ፊልሞች የመጡ ነበሩ። ሐምዛን (ረ.ዐ) ሆኖ የተወነው በሜክሲኮ የተወለደውና ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው አንቶኒ ኩዊን ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ሞሪስ ዣር ነው። ሁለቱም ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው «የዐረቢያው ሎውረንስ» ውስጥ አብረው ሠርተዋል። ዣር በዚያኛው ፊልም ኦስካር ሲሸለም፣ በ«አር-ሪሳላ» ደግሞ ለሽልማቱ በዕጩነት ቀርቧል።

አል-ዐቃድ አንድ ፊልም ብቻ አልሠራም። በአንድ የመቅረጫ ስፍራ፣ ለአንድ ታሪክ ሁለት የተዋንያን ጓድ አሰልፎ አንዱን በእንግሊዝኛ ሌላውን በዐረብኛ ቀርጿል። በእንግሊዝኛው ኩዊን የተጫወተውን የሐምዛን ገጸ ባሕርይ በዐረብኛው ግብፃዊው ዐብዱላህ ገይስ ተጫውቶታል። በእንግሊዝኛው ግሪካዊቷ አይሪን ፓፓስ የተጫወተችውን የሂንድን ስፍራ በዐረብኛው ሶርያዊቷ ሙና ዋሲፍ ይዛዋለች። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የተመለከተ ሰው፣ ተመሳሳይ ንግግር በሁለት ቋንቋና በሁለት የትወና ባህል እንዴት እንደሚለያይ ይገነዘባል። ይህ ለፊልም ወዳጅ ከሚሰጡት ደስታዎች አንዱ ነው።

የማይታየውን ማክበር

የፊልሙ ከባድ ፈተና ዋናውን ባለታሪክ ሳያሳዩ ታሪኩን መንገር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምስልም በድምፅም አይቀርቡም። ባለቤቶቻቸውና ልጆቻቸውም እንዲሁ አይታዩም። ተዋንያኑ ወደ ካሜራው እየተመለከቱ ይናገራሉ፤ ተመልካቹም በንግግራቸው መልሱን ይረዳል። ዐሊይ (ረ.ዐ) በጦር ሜዳ መኖራቸው የሚታወቀው ዙልፊቃር በተባለው ሰይፋቸው ብቻ ነው። በሥዕል ሁሉን ማሳየት በለመደው የሆሊውድ ዓለም ይህ ያልተለመደ አካሄድ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ፊልሙ ከተቃውሞ አልዳነም። መቀመጫውን በመካ ያደረገው የዓለም ሙስሊም ሊግ ሐሳቡን ነቅፏል። በሞሮኮ የተጀመረው ቀረጻ በመካከል ተቋርጦ ሥራው በሊቢያ ተጠናቀቀ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 በዋሽንግተን ታጣቂዎች ሦስት ሕንፃዎችን ይዘው ከመቶ በላይ ሰዎችን ሲያግቱ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ፊልሙ እንዳይታይ የሚል ነበር። ታጣቂዎቹ ፊልሙን አላዩትም። በእገታው አንድ ወጣት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሕይወቱን አጥቷል። ያልታየ ፊልምና ያልተነበበ መጽሐፍ በወሬ ብቻ ሲፈረድባቸው ምን ያህል ጥፋት እንደሚያስከትል ይህ አጋጣሚ ያሳያል።

ሲኒማን በጥርጣሬ መመልከት በአንድ አገር የተወሰነ ታሪክ አይደለም። አዲስ አበቤዎችም በጥንቱ ዘመን የከተማቸውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብለው ይጠሩት እንደነበር ይታወሳል። በሳዑዲ ዐረቢያ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ተዘግተው የቆዩት ሲኒማ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2018 በሪያድ እንደገና ተከፍተዋል። በዚያው ዓመት በዒድ አልፈጥር ሰሞን፣ በዘመናዊ ቴክኒክ የታደሰው «አር-ሪሳላ» በመንግሥቱ ሲኒማ ቤቶች ለሕዝብ ቀርቧል። ዳይሬክተሩ ይህን ለማየት አልበቃም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 በዐማን ሆቴሎች ላይ በተፈጸመው የቦምብ ጥቃት ከልጁ ከሪማ ጋር ሕይወቱ አልፏል።

ነጃሺን የተጫወተው ማን ነው?

በእንግሊዝኛው ቅጂ የነጃሺን ዘውድ የደፋው ኧርል ካሜሮን ነው። ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1917 በቤርሙዳ ደሴት ተወልዶ በብሪታንያ የኖረ ጥቁር ተዋናይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በተሠራ ፊልም በብሪታንያ ሲኒማ ዋና ገጸ ባሕርይ ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ሆኗል። በ2020 በ102 ዓመቱ አርፏል። በመልእክተኞቹና በስደተኞቹ መካከል ተቀምጦ ሁለቱንም ወገን በእርጋታ የሚያዳምጠው ንጉሥ፣ ከፊልሙ የማይረሱ ትዕይንቶች አንዱን ፈጥሯል።

ከዚህ ቀደም ሆሊውድ ምሥራቁን እንዴት ያሳይ እንደነበር ለሚያውቅ ይህ ክብር ቀላል አይደለም። በ«የዐረቢያው ሎውረንስ» ልዑል ፈይሰልን የተጫወተው እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ ነበር። ከዋናዎቹ ተዋንያን መካከል በዐረብነቱ ጎልቶ የወጣው ግብፃዊው ዑመር ሸሪፍ ነው። ፊልሙ ሰባት ኦስካሮችን ያገኘ ድንቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ዮርዳኖሳዊው የታሪክ ምሁር ሱለይማን ሙሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፋቸው፣ ሎውረንስ የገነነበት ትረካ የዐረቦቹን ድርሻ እንዳሳነሰ ሞግተዋል። ሊባኖሳዊ ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊው ጃክ ሻሂን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት መጽሐፍ ከዘጠኝ መቶ በላይ ፊልሞችን መርምረው፣ ሆሊውድ ዐረቦችንና ሙስሊሞችን በአብዛኛው በክፉ መልክ እንደሣለ አሳይተዋል። እነዚህን መጻሕፍት ያነበበ ተመልካች ፊልሞቹን መውደዱን አይተውም። የሚወደውን ነገር ግን ዓይኑን ገልጦ ይወዳል።

በ«አር-ሪሳላ»ም ቢሆን የሚታየው የነጃሺ አዳራሽ የሊቢያ ወይም የሞሮኮ መቅረጫ ስፍራ እንጂ አክሱም አይደለም። ንጉሡም ሀበሻ አይደለም። ፊልሙ ክብሩን ሰጥቷል፤ ዝርዝሩን ግን ከመጽሐፍ መፈለግ የተመልካቹ ፈንታ ነው።

ግራዚያኒን የሚያውቁት ሁለት ሕዝቦች

አል-ዐቃድና ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1981 እንደገና ተገናኝተው «የበረሃው አንበሳ»ን ሠርተዋል። ኩዊን በዚህ ፊልም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1931 በጣሊያኖች የተሰቀሉትን የሊቢያውን ሼኽ ዑመር አል-ሙኽታርን ሆኖ ይታያል። ጄኔራል ግራዚያኒን የተጫወተው ኦሊቨር ሪድ ነው። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ስም እንግዳ አይደለም። በሊቢያ በረሃ ሕዝቡን በሽቦ አጥር ያጎረው ሰው፣ ቆይቶ በአዲስ አበባ የጣሊያን እንደራሴ ሆኖ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በእርሱ ዘመን ተፈጽሟል።

ጣሊያን ፊልሙን የሠራዊቷን ክብር ይነካል በሚል ለረጅም ዓመታት እንዳይታይ ከልክላ፣ በቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ፊልሙን ከተመለከቱ በኋላ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ አዲስ አበባው ጭፍጨፋ ያሳተሙትን መጽሐፍ ማንበብ፣ ፊልሙ ያቆመውን ታሪክ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ተከትሎ እንደመሄድ ነው። የሊቢያውና የኢትዮጵያው መከራ የተፈጸመው በአንድ እጅ መሆኑ ያኔ ግልጽ ይሆናል።

የታሪኩ ባለቤት

ወደ ነጃሺ ችሎት ስንመለስ፣ ከፊልሙ ጎን ሊነበብ የሚገባው ዋናው መጽሐፍ ኢብን ኢስሐቅ አዘጋጅተውት ኢብን ሂሻም ያስተላለፉት ሲራ ነው። በሲራው እንደተዘገበው ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞችን ልከው ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ለመኑ። ለንጉሡም የመካን ምርጥ የቆዳ ሥራ በገጸ በረከትነት ይዘው ነበር። ንጉሡ ግን የተከሳሾቹን ቃል ሳይሰማ መፍረድን አልወደደም። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተነሥተው ስለ ቀድሞው ሕይወታቸውና ስለ ተቀበሉት እምነት አስረዱ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ። ንጉሡ አለቀሰ። በማግሥቱ ዐምር ኢብኑል ዓስ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ያላቸውን እምነት በማንሣት ሌላ ክስ ይዞ ተመለሰ። ያም አልሠራለትም፤ ገጸ በረከቱም ተመለሰ። ፊልም የሁለት ቀን ክርክርን በጥቂት ደቂቃዎች ማሳለፍ ግድ ይለዋል። መጽሐፉ ግን የንጉሡን ትዕግሥት በሙሉ ርዝመቱ ያሳያል። ሲሰደዱ ኖረው በሰው አገር በር ላይ ለቆሙ ሁሉ፣ ፍርዱ ከመሰማቱ በፊት ያለችው ሌሊት ምን ያህል እንደምትረዝም ማሰብ አያዳግትም።

ይህ ሁሉ ዝርዝር የተገኘው ከማን ነው? በሲራው ውስጥ ታሪኩን የሚተርኩት በስደቱ ከባለቤታቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ሀበሻ የገቡት፣ በኋላም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ለመሆን የበቁት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። ፊልሙ የነቢዩን ባለቤቶች ላለማሳየት የገባውን ደንብ ስለሚያከብር፣ ትዕይንቱን ለትውልድ ያቆዩት ሴት በትዕይንቱ ውስጥ አይታዩም።

ቤተሰቡን ሰብስቦ ፊልሙን የሚያሳይ አባት ወይም እናት ይህን ለልጆቹ ቢነግር፣ ልጆቹ ካዩት በላይ ያውቃሉ። በትግራይ በነጋሽ የሚገኘው፣ የነጃሺ መቃብር እንዳለበት በትውፊት የሚነገርለት መስጊድ እ.ኤ.አ. በ2020 በተነሣው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። ድንጋይ ይፈርሳል፣ ይጠገናልም። የፊልም ጥቅልም ያረጃል፣ ይታደሳልም። የነጃሺ ችሎት ግን እስከዚህ ዘመን የደረሰው በመጀመሪያ አንዲት ስደተኛ ያየችውን በልቧ ይዛ፣ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ስለተናገረች ነው።