ቤተ መንግሥቱና ቀበሌው፦ ስለ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አነሣሥ የተጻፈው ሲዳሰስ

በአዲስ አበባ ለቡ መብራት ኃይል ከቆሙት ቤቶች አብዛኞቹ ደርግ ከወደቀ በኋላ የተሠሩ ናቸው። እዚያ ቤት የሚከራይ ሰው ግን ዛሬም «የቀበሌ መታወቂያ» ይጠየቃል። ቀበሌን ያመጣው የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። ሲጀመር የነዋሪ ማኅበር ነበር፤ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የአብዮት ጥበቃ ጓድና የራሱ እስር ቤት ኖረው። ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ አነሣሥ የተጻፈውን የሚያገላብጥ አንባቢ ለሰፈር ይህን ያህል የቀረበ ነገር እምብዛም አያገኝም። ትረካው የሚውለው የሚያድረው ቤተ መንግሥት ነው።

ያለ ምክንያትም አይደለም። የደርግ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን አንዶም ኅዳር 1967 ተገደሉ። ታኅሣሥ 1969 ደርግን እንደ አዲስ ያዋቀረ አዋጅ ወጣና የሊቀ መንበሩን የጄኔራል ተፈሪ በንቲን ሥልጣን አጠንክሮ የመንግሥቱን ቀነሰ። የነገሩ ጠንሳሾች ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤልና ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌ ነበሩ። ጥር 26 ቀን ተፈሪም እነሱም ከቤተ መንግሥት ስብሰባ ተወስደው ተረሸኑ። «ለምሳ ሲያስቡን ቁርስ አደረግናቸው» የሚባለው አባባል ከዚያች ቀን ጋር ተያይዞ ይነገራል። በወረቀት ሊገቱት የሞከሩት በጥይት ተመለሰላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በአገራችን ፖለቲካ ቀድሞ መምታት ብልህነት ሆኖ መቆጠሩን እዚህ ላይ ማየት ይቻላል። ኅዳር 1970 ኮሎኔል አጥናፉ አባተም ተከተሉ።

የደርግ አባላት ትዝታ፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ም ሆነ የመንግሥቱ የራሱ «ትግላችን»፣ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ጠበቃና ተከሳሽ አንድ ሰው ስለሆኑበት ነው። በሌላው ወገን ክፍሉ ታደሰ በ«ያ ትውልድ» የኢሕአፓን ታሪክ ከውስጥ ጽፏል። ባሕሩ ዘውዴና መሳይ ከበደ ደግሞ ወደ ተማሪው ንቅናቄ ይመለሳሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ይህኛው መንገድ ነው። ፍጹም ሥልጣን ሐሳብን በማፈን ብቻ አልመጣም፤ ምሁሩ ያዘጋጀውን ቋንቋ ተውሶ ነው የመጣው። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ሲል ሌላው የግራ ድርጅት መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» አለ፤ ሁለቱም የተጣሉት በአንድ መጽሐፍ ቅኝት ነበር። ባንዳ፣ አናርኪስት፣ አድኃሪ የሚሉት ስያሜዎች መጀመሪያ በጋዜጣ ክርክር፣ ቀጥሎ በቀበሌ ስብሰባ፣ በመጨረሻ በሬሳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ታዩ። መኢሶንም ነሐሴ 1969 ኅቡዕ ገባ፤ ድጋፉ አላዳነውም።

ክሪስቶፈር ክላፓም እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት አብዮቱ የንጉሡን ማዕከላዊ መንግሥት ይበልጥ እንዳጠናከረ ተከራክሯል። ትክክል ይመስለኛል፤ የፍርሃቱን ነገር ግን ከጥናት ይልቅ ልቦለድ ያውቀዋል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳተመ፣ በየካቲት 1976 ደብዛው ጠፋ።

ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ገና ብዙ ያልተነካው መስክ ሰነዱ ነው። ነሐሴ 1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1987 በጀመረውና ታኅሣሥ 1999 መንግሥቱ በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ በተባለበት ክስ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ብዙዎቹ የደርግ የራሱ ወረቀቶች ነበሩ፦ ትእዛዝ፣ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ።