ጠበልተኛው መድኃኒቱን ለምን አያቋርጥም? ስለ ኤች አይ ቪ አሠራር

ደወሌ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከጅቡቲ ጋር በምንዋሰንበት ድንበር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የባቡሩ ሐዲድም ሆነ ከድሬዳዋ የሚነሣው የመኪና መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋሉ። በዚህ መስመር ከቤታቸው ርቀው የሚሠሩ አሽከርካሪዎችና ረዳቶች ቀጠሯቸውን አክብረው መድኃኒት መውሰድ ይከብዳቸዋል። በየጠበሉ ስፍራ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ምእመን ሱባኤ ሲገባ መድኃኒቱን ያቁም ወይስ ይቀጥል? መልሱን በሚገባ ለመረዳት የቫይረሱን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል።

ቫይረስ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ብቻውንም አይራባም። ኤች አይ ቪ እጅግ ከማነሱ የተነሣ አሥር ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ 1 ሚሊ ሜትር ቢሞሉ ነው። ከላዩ ስብ ያለው ልባስ አለው፤ ይህም ልባስ የራሱ ሥራ ሳይሆን ከተፈጠረበት ሕዋስ ሲወጣ ይዞት የሄደው ነው። በውስጡ የፕሮቲን ቀፎ፣ በቀፎውም ውስጥ ሁለት የአር ኤን ኤ ክሮች አሉ። የያዘው ጂን 9 ብቻ ነው።

በልባሱ ላይ ያሉት ጉጦች ሲዲ ፎር የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ፈልገው ይይዛሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሌሎቹን የሰውነት ተከላካዮች የሚያነቁና የሚያስተባብሩ ናቸው። ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ ከገባ በኋላ አር ኤን ኤውን በልዩ ኢንዛይም ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል፤ ከዚያም በሌላ ኢንዛይም ከሰውየው ዲ ኤን ኤ ጋር ያሰፋዋል። ከዚህ በኋላ ሕዋሱ የቫይረሱን ትእዛዝ እንደ ራሱ ትእዛዝ እያነበበ ቫይረስ ያመርታል። መድኃኒት በማይወስድ ሰው አካል ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቫይረሶች ይፈጠራሉ። ሲዲ ፎር ሕዋሳት ባለፉት ዓመታት ሁሉ እየመነመኑ ሲሄዱም ሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ሕመሞች ያለ ከልካይ ይገባሉ። ኤድስ የምንለው ይህን ደረጃ ነው።

ዋናው ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቫይረሱ ከገባባቸው ሕዋሳት ጥቂቶቹ ምንም ሳያመርቱ ለዓመታት ያንቀላፋሉ። መድኃኒቱ የሚሠራው በመራባት ላይ ባለው ቫይረስ ላይ ስለሆነ የተኛውን አያገኘውም። ዛሬ በሀገራችን በስፋት የሚሰጠው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ሦስት መድኃኒቶችን ይዟል፤ ሁለቱ ግልበጣውን፣ ዶሉቴግራቪር የተባለው ደግሞ ስፌቱን ያግዳሉ። በዚህም በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ እንዲህ የሆነለት ሰው በሩካቤ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ሆኖም «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ክኒኑ ሲቋረጥ የተኙት ሕዋሳት ይነቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ይመለሳል። እየወሰዱ እየተዉ መቀጠልም መድኃኒቱን የለመደ ቫይረስ ያስከትላል።

በሀገራችን ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን እንጦጦ ማርያም ፈውስ ፈልገው በሚመጡ ሕሙማን ተጨናንቃ ነበር፤ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል የሚመስላቸውም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳሰቡ። ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ክብርና ስለ መድኃኒት ይናገራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። እግዚአብሔር በጠበሉ እንደሚፈውስ እናምናለን። ተፈወስሁ የሚል ምእመንም መድኃኒቱን ሳያቆም ወደ ሐኪሙ ሄዶ ይመርመር።

ስለ ጾምና ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚጨነቅ አይጥፋ። ክኒኑ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ፣ ለሚጾምና ለሚያስቀድስ ሰው የማታው ሰዓት ሊመቸው ይችላል፤ ይህን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። መንገደኛም ቢሆን ሕክምናው ከጸናለት የ3 ወይም የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር ስላለ፣ ደወሌን ተሻግሮ ጅቡቲ ከመግባቱ በፊት ጤና ጣቢያውን ይጠይቅ።