የሕይወትን ፊደል ማረም፦ የዘረመል ምህንድስና በሸሪዓ ሚዛን

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገበዝ ማርያም ዙሪያ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ የተዳቀለ ምርጥ ዘር መግዛት ከጀመረ ቆይቷል። ነገ በላቦራቶሪ ዘረመሉ የተለወጠ ዘር ቢቀርብለት ሸሪዓችን ምን ይላል? ፍርድ ነገሩን ከማወቅ በኋላ የሚመጣ ነውና አስቀድመን የሥራውን ምንነት እንግለጽ።

የሕያዋን ዘረመል በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት ተጽፏል። ፊደላቱ በሦስት በሦስት ሲነበቡ 64 ቃላት ይሆናሉ፤ 61ዱ የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን 20 አሚኖ አሲዶች ያመለክታሉ፣ 3ቱ ደግሞ ንባቡ የሚቆምበትን ቦታ።

በዚህ ጽሑፍ ላይ የሰው ልጅ የሚያደርገው ጣልቃ ገብነት ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው እርማት ነው፤ ጤፍ ረዝሞ እንዳይጋሽብ ቁመቱን የሚወስነውን ጂን በማረም ያሳጠረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ሁለተኛው ዝውውር ነው፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ ተባይ የሚከላከል ጂን ከአፈር ባክቴሪያ የተሰጠው ነው፤ አገዳ ቆርቁርን የሚቋቋም በቆሎም በመልካሳ ሙከራ ተደርጎበታል። ሦስተኛው እንደገና መጻፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች 4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዘረመል ከ18,000 በሚበልጡ ቦታዎች ለውጠው ከ64ቱ ቃላት በ61ዱ ብቻ እንዲኖር አድርገዋል።

ይህን ሁሉ የሚቃወሙ ወገኖች የአላህን ፍጥረት መለወጥን የሚያወግዘውን የሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 119ን ያነሳሉ። ሆኖም ሙፈሲሮች በትርጉሙ ተለያይተዋል፤ ኢማም አጥ-ጦበሪ የመረጡት የአላህን ሃይማኖት መለወጥ የሚለውን ነው። ስለዚህ አንቀጹ ብቻውን የሰብል ማሻሻልን ሐራም ለማለት አይበቃም። በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የተምር ዛፍ ማዳቀል ታሪክም እንዲህ ያለው የእርሻ ጥበብ ልምዱ ላላቸው የተተወ መሆኑን ያሳያል።

በራቢጣ ሥር ያለው የመካው የፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ባካሄደው 15ኛ ጉባኤው ቴክኖሎጂውን በእርሻና በከብት እርባታ መጠቀምን ፈቅዷል፤ ነገር ግን በሰው፣ በእንስሳትና በአካባቢ ላይ ውሎ አድሮ እንኳ ጉዳት እንዳይደርስ ጥንቃቄ ሁሉ እንዲደረግ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። አምራቾችም የምርታቸውን ይዘት እንዲገልጹ ጠይቋል።

እነዚህ ሁለት ነጥቦች ወደ ጎጃም ማሳ ሲወርዱ ክብደታቸው ይለያያል። ጤፍ በአብዛኛው በራሱ ወንዴ ብናኝ ይራባል። የበቆሎ ብናኝ ግን በነፋስ ተሸክሞ የጎረቤትን ድንበር ይሻገራል፤ አንዱ የዘራው ሌላው ያልፈለገውን ያሳፍሰዋል። ጉዳትን የሚከለክለው የሸሪዓ መርህ እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል። በተጨማሪም ተባዩ መከላከያውን እንዳይለምድ ያልተለወጠ ዘር የሚዘራበት ቁራሽ መሬት መተው ያስፈልጋል። ይህን ያልተነገረው ገበሬ ቁራሹን አይተውም፤ ከዓመታት በኋላ ዘሩ ጥቅሙን ሲያጣ ኪሳራው የእርሱና የጎረቤቶቹ ይሆናል።

የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በአዋጅ ቁጥር 896/2007 የተደረገበት ማሻሻያ ልውጠ ሕያዋን በመንግሥት ፈቃድ እንዲመሩ ያዝዛሉ። የመንግሥት ፈቃድ ግን ሻጩን ከአማናው አያወጣውም። በሸሪዓ የሸቀጥን ምንነት ደብቆ መሸጥ ገረርና ማታለል ነው።

እንግዲህ የምንደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ሥራው በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ ፈቃዱ ግን ጉዳትን በመከላከልና በግልጽነት የታሰረ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ዘር ምን እንደሆነና ምን እንደሚጠይቅ ገበሬው በሚገባው ቋንቋ ሳይነገረው የሚፈጸም ሽያጭ፣ ዘሩ ሐላል ቢሆን እንኳ፣ ከነቀፌታ አይድንም። አላህ የበለጠ ያውቃል።